ዜሮው ከየት መጣ? ስለ ደም፣ ስለ ማግኔትና ስለ አንድ የ1936 ልኬት

ቁርጥ ወዳድ ከሆናችሁ ይህን ሳታዩት አትቀሩም። ሥጋ ቆራጩ ያንን ትልቅ ቀይ ሥጋ ለሁለት ሲከፍለው አዲሱ ፊት ጠቆር ይላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል። እናንተ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አዋዜና ሚጥሚጣው ቀርቦ፣ ትንሽ ወሬ እስክታወሩ ድረስ ያው ፊት ደማቅ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማንም አልነካውም። ያገኘው አየር ብቻ ነው።

"ኦክስጅን ነክቶት ነው" ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ኦክስጅኑ ገብቶ ምን አደረገ? ሥጋው ውስጥ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። በደማችን ውስጥ ላለው ሄሞግሎቢን የቅርብ ዘመድ ነው፣ መሃሉ ላይም አንድ የብረት አቶም ይዟል። አየር ከማግኘቱ በፊት ያ ብረት ጥንድ የሌላቸው አራት ኤሌክትሮኖች ነበሩት። አየር ካገኘ በኋላ ብቸኛ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር የለም። ዜሮ። ቅድም ማግኔት ይስበው የነበረው ብረት አሁን ለማግኔት ደንታም የለው። ይህ ሁሉ የሚሆነው እዚያው ትሪው ላይ፣ ከአዋዜው አጠገብ ነው።

የዛሬው ጉዳይ ያ ዜሮ ነው። መጀመሪያ የተለካው በ1936 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትክክል ነበር፣ ለመነቅነቅ የሞከሩም አልቻሉም። ቁጥሩ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ግን ትልልቅ ስሞች ለአሥርት ዓመታት ተናቁረዋል፣ ዛሬም ሁለት ኬሚስቶች አንድ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡ ክርክሩ ሊነሳ ይችላል።

ፋራዴይ የጀመረው

ማይክል ፋራዴይ በ1845 መጨረሻ ላይ ያገኘውን ነገር ሁሉ በኃይለኛ ማግኔት መካከል ያንጠለጥል ነበር። የበሬ ሥጋ፣ ፖም፣ ዳቦ ሳይቀር። አብዛኛው ነገር ከማግኔቱ በጥቂቱ እንደሚሸሽ ያየው በዚያ ሰሞን ነው፣ ዳያማግኔቲክ የሚለውም ስም የመጣው ከእሱ ነው። ኖቬምበር 8 ቀን የደረቀ ደም ሞከረ። ደም ብረት እንዳለው ይታወቃል፣ ስለዚህ ይሳባል ብሎ መጠበቅ ያባት ነው። አልተሳበም። ፋራዴይም ማስታወሻው ላይ ትኩስ ፈሳሽ ደም መሞከር እንዳለበት ጻፈና አለፈ።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ሁለት አሜሪካውያን ጽሑፋቸውን የጀመሩት በዚህችው ማስታወሻ ነው። ፋራዴይ የደም ቅዳና የደም መልስ ደም ለየብቻ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ልዩነት ያገኝ ነበር አሉ፤ ኦክስጅን በሞላውና ጭራሽ በሌለው ደም መካከል ልዩነቱ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። አንጋፋውን በትህትና ሸንቆጥ ማድረግ ማለት ይኼ ነው።

ባለ ፎቁ አውቶቡስ

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ስፒን ትንሽ። የምታውቁት ዝለሉት።

እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በተፈጥሮው ትንሽ ማግኔት ነው። ስፒን የምንለው ይህንን ነው፣ አቅጣጫውም ሁለት ብቻ ነው፣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች። ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ኦርቢታል (አቶም ውስጥ ኤሌክትሮን የሚቀመጥበት ስፍራ) ውስጥ ሲዳበሉ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች መሆን ግድ ነው፣ ማግኔታቸውም ይጣፋል። ስለዚህ አንድ ነገር በማግኔት የሚሳበው (ፓራማግኔቲክ የሚሆነው) ብቸኛ ኤሌክትሮን ካለው ነው።

ብረት፣ ኮባልት፣ ማንጋኒዝና መሰሎቻቸው፣ ማለትም ትራንዚሽን ሜታል የሚባሉት፣ ዲ የሚባሉ አምስት ኦርቢታሎች አሏቸው። ብቻቸውን በአየር ላይ ቢንሳፈፉ አምስቱም እኩል ናቸው። ሜታሉን በስድስት አቅጣጫ ሌሎች ሞለኪውሎች (ሊጋንዶች) ሲከቡት ግን እኩልነቱ ይፈርሳል፤ ሦስቱ ዝቅ ይላሉ፣ ሁለቱ ከፍ ይላሉ። ከፍ የሚሉት በቀጥታ ወደ ሊጋንዶቹ የሚያነጣጥሩት ናቸው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚቀመጥ ኤሌክትሮን ከሊጋንዱ ኤሌክትሮን ጋር ፊት ለፊት ይጋፈጣል።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች አስቡ። ታች ሦስት ባለ ሁለት ሰው ወንበር፣ ፎቅ ላይ ደግሞ ሁለት ባለ ሁለት ሰው ወንበር አለ እንበል። ስድስት ሰው ይሳፈራል። ባዶ ወንበር እያለ ከማያውቀው ሰው ጎን የሚቀመጥ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ደረጃው ቀላል ከሆነ አምስቱ በአምስቱ ወንበር ለየብቻ ዘና ብለው ይቀመጣሉ፣ ስድስተኛው አማራጭ ሲያጣ ታች ካሉት ካንዱ ጋር ይዳበላል። አራት ብቸኛ፣ አንድ ጥንድ። ይህ ሃይ ስፒን ነው። ደረጃው የእንጦጦ ዳገት ከሆነ ግን ማን ይወጣል? ስድስቱም ታች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣበባሉ። ሦስት ጥንድ፣ ብቸኛ የለም። ሎው ስፒን።

ብረት 2+ ሲሆን (ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጣ ማለት ነው) ያሉት የዲ ኤሌክትሮኖች ልክ ስድስት ናቸው፣ ስለዚህ ምሳሌው ለእሱ የተሰፋ ልብስ ነው። ደረጃውን ዳገት ወይም ሜዳ የሚያደርገው ሊጋንዱ ነው። ውሃ ቀላል ደረጃ ይሠራል። ሳያናይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ዳገት ይሠራሉ። ጃፓናዊው ሪዩታሮ ጹቺዳ በ1938 የኮባልት ኮምፕሌክሶችን (ሜታሉንና የከበቡትን ሊጋንዶች በአንድነት ኮምፕሌክስ እንላቸዋለን) ቀለም እያነጻጸረ ሊጋንዶቹን በጉልበታቸው ተራ አስይዟቸዋል፣ ያ ተራ እስከ ዛሬ በየፈተናው ይመጣል። ፈዛዛ አረንጓዴው የፌረስ ሰልፌት ክሪስታል ውስጥ ብረቱን ውሃ ስለከበበው አራት ብቸኛ ኤሌክትሮን አለው፤ ቢጫው ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ ውስጥ ያው ብረት፣ ያው ስድስት ኤሌክትሮን፣ ግን ብቸኛ ዜሮ ነው።

ቁጥሩንም አንድ ጊዜ ላስቀምጥ፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን። የብቸኛ ኤሌክትሮኖችን ብዛት ወስዳችሁ በሁለት በሚበልጠው ቁጥር አባዙትና ካሬ ሥሩን አውጡ። የማግኔቱ ጉልበት ቦር ማግኔቶን በሚባል መለኪያ ይመጣል። ለሁለት ብቸኛ 2.83፣ ለአራት 4.90፣ ለአምስት 5.92። ለዜሮ ዜሮ።

ካልቴክ፣ 1936

ቅድም ያነሳኋቸው ሁለቱ አሜሪካውያን በካሊፎርኒያው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ኬሚስቶች ናቸው። ላይነስ ፖሊንግ ያኔ 35 ዓመቱ ነበር፣ ስሙም ገንኗል። ቻርልስ ኮርየል ደግሞ ዶክትሬቱን ገና የጨረሰ የ24 ዓመት ወጣት ነው (በኋላ ፕሮሜቲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ካገኙት አንዱ ሆኗል)። ፖሊንግ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማግኔት ልኬት የሜታል ኮምፕሌክስን የቦንድ ዓይነት (አቶሞቹ የተያያዙበትን መንገድ) ሊነግረን ይችላል ብሎ ነበር። ይህን ሐሳብ ከላብራቶሪ ጨው አውጥቶ ወደ ደም ወሰደው። ድፍረቱ እዚህ ላይ ነው። ሄሞግሎቢን በዚያን ጊዜ ቅርጹ እንኳ የማይታወቅ ግዙፍ ሞለኪውል ነው፣ ብረቱም ከክብደቱ 0.34 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ፕሮቲን ነው፣ በዙሪያውም ውሃ አለ፣ ሁለቱም ከማግኔት የሚሸሹ ናቸው። በጭነት መኪና ላይ የተቀመጠችን ወፍ እንደመመዘን ነው።

መሣሪያው ግን ቀላል ነው፣ የጉዊ ዘዴ ይባላል። ናሙናውን በመስታወት ቱቦ አድርጋችሁ ከሚዛን ታንጠለጥላላችሁ፣ የቱቦው ታችኛው ጫፍ በማግኔቱ ሁለት ዋልታዎች መካከል ይሆናል። ማግኔቱ ሲበራ ናሙናው ከተሳበ ሚዛኑ ክብደት የጨመረ ይመስለዋል፣ ከሸሸ የቀነሰ ይመስለዋል። ወፏን ከጭነት መኪናው ለመለየት ብልሃቱ ማወዳደር ነው፤ ያው ደም ኦክስጅን ይዞ፣ ኦክስጅኑ ወጥቶለት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ። ውሃውና ፕሮቲኑ በሁሉም ውስጥ ስላሉ ልዩነቱ የብረቱ ይሆናል።

ኦክስጅን የሌለው ሄሞግሎቢን ለእያንዳንዱ ብረት 5.46 ሰጠ። ከ4.90 ትንሽ ይበልጣል፣ ኤሌክትሮኑ በኦርቢታሉ ውስጥ ከሚያደርገው ዙረት የሚመጣ ጭማሪ ስላለ ያ አያስጨንቅም። ብረት 2+ ስድስት ኤሌክትሮን ይዞ አምስት ብቸኛ ሊኖረው ስለማይችልም መልሱ አራት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ዜሮ ሆነ። ይህም ይገባል፣ ጋዙ ራሱ ብቸኛ ኤሌክትሮን የለውም፣ ደረጃውንም ዳገት ያደርጋል።

ያስደነገጠው ኦክስጅን የያዘው ነው። ኦክስጅን እኮ ራሱ ማግኔት ነው! ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት ዋልታዎች መካከል ሲፈስ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮኖች አሉት። አራት ያለው ብረትና ሁለት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ብዙ ነገር ሊጠበቅ ይችላል፤ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት። የተገኘው ዜሮ ነው። ሁለት ማግኔቶች ተገናኝተው ማግኔት ያልሆነ ነገር ወለዱ። ፖሊንግና ኮርየል ሲጽፉ ብረቱ ብቻ ሳይሆን የኦክስጅኑም ውስጣዊ አሠራር በግንኙነቱ ከሥር መሠረቱ ተለውጧል አሉ። ሚያዝያ አካባቢ ታተመ፣ ሰባት ገጽ ናት። ባዮኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባለው ዘርፍ ከዚህች ጽሑፍ ተወለደ የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ።

ፖሊንግ ግን ማብራሪያውን ያስቀመጠበት ቋንቋ አላረጀለትም። ብቸኛ ኤሌክትሮን የበዛበትን "አዮናዊ" (በኤሌክትሪክ መሳሳብ የተያያዘ)፣ ያነሰበትን "ኮቫለንት" (ኤሌክትሮን በመጋራት የተያያዘ) ቦንድ አለው። በአውቶቡሳችን ቋንቋ የምንናገረው፣ ሃይ ስፒንና ሎው ስፒን የምንለው፣ ሐንስ ቤተ በ1929 ጀምሮት ቫን ቭሌክ ያስፋፋው አስተሳሰብ ከ1950ዎቹ በኋላ ስላሸነፈ ነው። ሃይ ስፒን ማለት ቦንዱ አዮናዊ ነው ማለት አይደለም። ልኬቱ ቆመ፣ ስሙ ወደቀ።

ብረቱ ሲቀንስ

ስፒኑ ተለወጠ፣ እሺ፣ ለሰውነታችን ምን ፈየደለት? ይህን የመለሰው ሌላ ሰው ነው፣ ከ34 ዓመት በኋላ።

ፊሊክስ ሐውሮዊትስ በ1930ዎቹ ፕራግ ውስጥ ኦክስጅን የሌለው የሄሞግሎቢን ክሪስታል በማይክሮስኮፕ ሲያይ አንድ ነገር ገጠመው። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ባለ ስድስት ጎን ጠፍጣፋ ክሪስታሎች ነበሩ። አየር ከመስታወቱ ዳር ሾልኮ ሲደርስባቸው ፈራረሱ፣ በቦታቸውም ደማቅ ቀይ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች በቀሉ። ክሪስታል የሚፈርሰው ሞለኪውሉ ቅርጹን ሲቀይር ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲወስድ አካሉ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፣ እንደ ሳንባ። ማክስ ፔሩትስ፣ የሐውሮዊትስ ዘመድ በጋብቻ፣ ዕድሜውን ለዚህ ሞለኪውል ሰጠ፤ በ1962 ኖቤል ወሰደበት፣ በ1970 ደግሞ እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሳ ጻፈ። ከስፒኑ ነው የሚነሳው።

ወደ አውቶቡሱ ልመልሳችሁ። በሃይ ስፒን ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ክርናቸውን በመስኮት አውጥተዋል። ስለዚህ አውቶቡሱ ይሰፋል። ብረት 2+ ሃይ ስፒን ሲሆን ሬዲየሱ 0.78 አንግስትሮም ነው፣ ሎው ስፒን ሲሆን 0.61 (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ብረቱ የሚቀመጠው ሂም በሚባል ጠፍጣፋ ቀለበት መሃል፣ በአራት ናይትሮጅኖች መካከል ባለ ቀዳዳ ነው። ሲሰፋ ቀዳዳው አይበቃውም። የኮርኔሉ ሊን ሆርድ በ1960ዎቹ ትንንሽ ኮምፕሌክሶች ላይ ተመሥርቶ ይህን ቀድሞ ተናግሮ ነበር። ኦክስጅን በሌለበት ብረቱ ከቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ወጣ ብሎ፣ በ0.4 አንግስትሮም ገደማ፣ ሂስቲዲን በሚባል አሚኖ አሲድ ተይዞ ይቀመጣል። ኦክስጅን በሌላው ወገን ሲመጣ ፎቅ ላይ ያሉት ይወርዳሉ፣ ክርናቸው ይገባል፣ ብረቱ ይቀንስና ቀዳዳው ውስጥ ጥርቅም ብሎ ይገባል። ሲገባ ሂስቲዲኑን ይስባል። ሂስቲዲኑ የታሰረበትን የፕሮቲን ገመድ ይስባል። ገመዱ ከጎረቤት ክፍል ጋር ያለውን ግንኙነት ያላላል። ሄሞግሎቢን አራት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱም የራሱ ሂም አለው፤ የመጀመሪያው ሲይዝ የቀሩት ሦስቱ ለመያዝ ይቀላቸዋል። ሲለቁም እንዲሁ ተያይዘው ነው። ሳንባ ላይ ሞልቶ ጡንቻ ላይ ማራገፍ የሚቻለው በዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ እዚህ ላይ ሲተረክ ከሚገባው በላይ ያምራል። ኦክስጅን በሌለበት ብረቱ የያዘው አምስት ሊጋንድ ብቻ ነው፣ ስድስተኛው መቀመጫ ባዶ ነው፣ ይህም ራሱ ብረቱን ወደ ሂስቲዲኑ ወገን ይጎትተዋል። ስድስት ሊጋንድ ኖሯቸው ሃይ ስፒን ሆነው ሳለ ብረታቸው ቀለበቱ ውስጥ ተመቻችቶ የተቀመጠ ኮምፕሌክሶችም በኋላ ተገኝተዋል። ስፒኑ ብቻውን ሁሉንም ያደርጋል ማለት ማጋነን ነው። ግን ዋናው ገፊ መሆኑን የሚክድ ብዙ አላየሁም።

ባዶ ኪስና የተጣጣ ዕዳ

አሁን ወደ ጭቅጭቁ።

እኔ ስማር ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምስት ሳጥን ይሳልና ስድስት ቀስት ይሞላል፣ "ኦክስጅን የያዘው ሎው ስፒን ነው፣ ዜሮ" ይባላል፣ ወደ ሚቀጥለው። ኦክስጅኑ ሁለቱን ብቸኛ ኤሌክትሮኖቹን የት አደረሳቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሰውዬው "ሒሳቤ ዜሮ ነው" ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ኪሱ ባዶ ነው፣ ወይ ሺህ ብር አለው፣ ሺህ ብር ዕዳም አለበት። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም። የፖሊንግ መልስ ባዶ ኪስ ነው፦ ብረቱ 2+ ሎው ስፒን፣ ዜሮ፤ ኦክስጅኑም ኤሌክትሮኖቹን አጣምሮ፣ ዜሮ። በ1964 ጆሴፍ ዋይስ ሌላ አለ። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ለኦክስጅኑ ሰጥቶታል አለ። ያኔ ብረቱ 3+ ይሆናል፣ አምስት ኤሌክትሮን ታች ሲጠባበቡ አንዱ ብቸኛ ይቀራል። ኦክስጅኑም ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል፣ እሱም አንድ ብቸኛ አለው። ሁለቱ ብቸኞች በተቃራኒ አቅጣጫ ተያይዘው ይጣጣሉ። ገንዘብም አለ ዕዳም አለ፣ ድምሩ ዜሮ። ፖሊንግ በዚያው ዓመት መልስ ጻፈ፣ አልተቀበለውም። በ1975 ጎዳርድና ኦላፍሰን ሦስተኛ ጨመሩ፦ ብረቱ ሁለት ብቸኛ፣ ኦክስጅኑም እንደነበረው ሁለት ብቸኛ፣ ተጣጥተው ዜሮ።

ሦስቱም ለ1936ቱ ሚዛን አንድ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። በ1973 የኦክስጅኑ ሁለት አቶሞች እርስ በርስ የሚርገበገቡበት መጠን በኢንፍራሬድ ተለካ፣ በሴንቲሜትር 1107 ሞገድ ሆነ። ነጻ ኦክስጅን 1556 ነው። ሱፐርኦክሳይድ በፖታሲየም ጨው ውስጥ 1145 ነው። ቁጥሩ ለማን እንደሚመሰክር ለመናገር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፣ ዋይስ ደስ ሳይለው አይቀርም። በሌላ በኩል ግን ኦክስጅኑ በአንድ ጫፉ ታስሮ ጎንበስ ብሎ ይቆማል ያለው ፖሊንግ ነበር፣ ያም በኤክስሬይ ሲታይ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በ1977 ቸርዶኒዮና ባልደረቦቹ ስኩዊድ በሚባለው እጅግ ጥቃቅን ማግኔት በሚለይ መሣሪያ ለክተው ዜሮው ዜሮ አይደለም አሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው፦ ሁለት ብቸኞች ተያይዘው ከሆነ ሙቀት ሲጨምር ጥቂቶቹ ይፈታሉ፣ ትንሽ ማግኔት ብቅ ይላል። ብቅ ብሏል አሉ። ፖሊንግ ያኔ 76 ዓመቱ ነው፣ በዚያው ዓመት ብዕሩን አነሳ። ሰውየው አይተኛም። በ1984 ሌሎች በጥንቃቄ ደግመው ሲለኩ ማግኔቱ አልተገኘም፣ ኦክስጅን የያዘውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውም ዳያማግኔቲክ ሆኑ። የ1936ቱ ዜሮ ቆመ። ይህ ግን ፖሊንግ አሸነፈ ማለት አልነበረም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ብቸኞች ጠብቀው ከተያያዙ የክፍሉ ሙቀት ሊፈታቸው አይችልም።

ኮምፒውተሩ ሲበረታ ሳሶን ሻይክና ባልደረቦቹ በ2008 ፕሮቲኑን ሳይቀር አስገብተው አሰሉት። የወጣው ነገር አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አንዱን የኤሌክትሮን ደመና ኦርቢታሎቹን በአንድ መንገድ ብትቆርጡት የዋይስን ይመስላል፣ በሌላ መንገድ ብትቆርጡት የፖሊንግን ይመስላል፣ የሦስተኛውም ድርሻ አለበት። ዙሪያው ያለው ፕሮቲን፣ በተለይ በሃይድሮጅን ቦንድ ኦክስጅኑን የሚይዘው ሌላኛው ሂስቲዲን፣ ኤሌክትሮኑ ወደ ኦክስጅኑ እንዲያደላ ይረዳል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ተማሪ ላስተምር ብባል የዋይስን እስላለሁ፣ ምክንያቱም 1107ን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳልኛል። ግን ሰሌዳው ላይ ያሉት ሳጥኖች የእኛ ሥዕል ናቸው፣ ኤሌክትሮኑ ሳጥን ውስጥ እንደሚኖር አያውቅም።

ኤም አር አይና ከሰል

ዜሮው ከየትም ይምጣ፣ ዜሮ መሆኑ ብቻ ሥራ ላይ ውሏል። በ1990 ሴይጂ ኦጋዋ ቤል ላብስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሌለው ደም ፓራማግኔቲክ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ እንደሚረብሽ፣ ያም በኤም አር አይ ምስል ላይ እንደ ጥላ እንደሚታይ አሳየ። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ከሚያቃጥለው በላይ ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፣ አራት ብቸኛ ያለው ይቀንሳል፣ ዜሮው ይበዛል፣ ጥላው ይነሳል። በየዜናው የምናየው ቀይና ቢጫ የበራበት የአንጎል ሥዕል መሠረቱ ይኸው የብረት ስፒን ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድን አልረሳሁትም። ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢንን ይይዛል። የእሱ ዜሮ የሚያከራክር አይደለም፣ እውነተኛ ባዶ ኪስ ነው። ብረቱ ግን እንደ ኦክስጅኑ ጊዜ ሁሉ ይቀንሳል፣ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፣ ሄሞግሎቢኑም ኦክስጅን የጫነ ይመስለዋል፣ የቀሩት ክፍሎች የያዙትንም ኦክስጅን አጥብቀው ያስቀራሉ። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው። ሰውየው ግን እየታፈነ ነው።

እኛ አገር ይህ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። ክረምት ሲሆን፣ ብርድ ሲበረታ፣ ቡና ተፈልቶ ከሰሉ ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ጠዋት የሚሰማው ወሬ ይታወቃል። ሰው ራሱን ስቶ ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ ሕክምናው በጭምብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ግማሹ ለመውጣት ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ጋዝ በንጹሕ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጣት ላይ የምትሰካው ያቺ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ በ660ና በ940 ናኖሜትር ብርሃን የደሙን ቀለም ነው የምታነበው። ሎው ስፒን ሆኖ የቀላውን ደም ኦክስጅን ይሁን የከሰል ጋዝ አትለየውም፣ የተመረዘውንም ሰው 98 ልትለው ትችላለች። ስለዚህ ለሐኪሙ "ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር" ብላችሁ በአፋችሁ ንገሩት፣ መሣሪያዋ አትነግረውም።